ሐሳብን በሥዕል ለሚያስቀምጥ መምህር፦ ታብሌት፣ ፓድ ወይስ ደብተር?

ቴሌግራሜ በአንድ ጥያቄ ተጨናንቋል። «የማስተማሪያ ሐሳቤን እየሳልኩ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ፣ ምን ልግዛ?» ደብረ ማርቆስ ያሉት ይጠይቁኛል፣ ፍኖተ ሰላም ያሉት ይጠይቁኛል፣ አሁን ደግሞ ከሞጣም ጀመሩ። እዚህ አንዴ ልመልስና ልረፍ። አልደብቃችሁም፣ እኔ የስክሪን አልባው ድሮዊንግ ፓድ ወገን ነኝ፤ ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ በእስክሪብቶው ስትስሉበት ሥዕሉ ላፕቶፑ ስክሪን ላይ የሚወጣ ሰሌዳ ነው።

ሥዕል ለምን? ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው አይጠይቅም፤ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ታሪኩን ከግድግዳው ሥዕል ሲያነብ ኖሯል። የእኔ ግን ትንሽ ጉዳይ ነበረች። ለትምህርት ቤታችን 12 ኮምፒውተር መጣልን፣ ተማሪው በክፍል 60 ነው። በመደዳ ከምንደረድራቸው በግድግዳው ዙሪያ እናድርጋቸው፣ መምህሩ መሐል ቆሞ ሁሉንም ስክሪን ይይ ብዬ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ማንም አላነበበውም። በእርሳስ ስዬ ሳሳያቸው በሻይ ሰዓት ተስማማን።

መጀመሪያ የተቃጠልኩት በታብሌት ነው። 19,000 ብር! «እስክሪብቶው ኦሪጅናል ነው» ተባልኩ። ቤት ገብቼ ሳየው ጫፉ ላስቲክ ነው። ብጫነው፣ ባልጫነው መስመሩ ያው ነው፤ በጣቴ ብስል ምን ልዩነት አለው? መዳፌ መስታወቱን ሲነካ ደግሞ እሱም ይስላል። በስድስተኛው ወር ከጠረጴዛ ወደቀ። ስክሪን ማስቀየሪያ 8,500 ብር፣ ያውም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አንድ ወር ጠብቄ። የተገጠመልኝም ፎርጅድ ነበር፤ ዳር ዳሩ ሲነካ አይሰማም። ደምሩት፦ 27,500 ብር።

ሁሉም ታብሌት እንዲህ ነው አልልም። ሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤስ6 ላይት ኤስ ፔን ከሚባለው እስክሪብቶው ጋር ይመጣል፤ እስክሪብቶው ቻርጅ አይፈልግም፣ ሲጫኑት መስመሩ ይወፍራል። ዋጋውን ስሰማ ግን ደመወዜ ትዝ አለኝና ከሱቁ ወጣሁ።

ፓዱን በ6,800 ብር ገዛሁት። ሁዮን የሚባለው ብራንድ ነው፣ ትንሹ። መስታወት ስለሌለው ሁለቴ ወድቆ ምንም አልሆነም። ባትሪም የለው፤ ኃይሉን በኬብሉ ከላፕቶፕ ይወስዳል። መብራት ሲጠፋ በኦቲጂ (ኬብሉን ከስልክ በምታገናኘው ትንሽ ማገናኛ) ስልኬ ላይ ሰክቼ እቀጥላለሁ። ሁሉም ሞዴል ከስልክ ጋር ስለማይሠራ ግን ገንዘብ ሳትቆጥሩ ስልካችሁን ሰክታችሁ ሞክሩ። ላፕቶፕ ላይ ክሪታ የሚባለውን የሥዕል ፕሮግራም ጫኑ፣ ነጻ ነው።

ጉዳቱን ልንገራችሁ። እጅ ጠረጴዛ ላይ፣ ዓይን ስክሪን ላይ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሳልኩት ክብ ሁሉ ድንች ይመስል ነበር። የእስክሪብቶው ጫፍ ያልቃል፤ መለዋወጫው ካርቶኑ ውስጥ አለ፣ እንዳትጥሉት። የኬብሉ መሰኪያ ደግሞ ደካማ ጎኑ ነው። እኔ ኬብሉን ፓዱ ላይ እየጠቀለልኩ ቦርሳ ውስጥ ስከት ላላ፣ ለብየዳ 300 ብር ወጣብኝ። ነቅላችሁ ለብቻው አስቀምጡት።

ደብተርስ? መስመር የሌለው በ150 ብር ይገኛል፤ ስብሰባ ላይ ከእርሳስ የሚፈጥን የለም፣ እኔም ከቦርሳዬ አላወጣሁትም። ግን አንዲት ቀስት ለማስተካከል ሙሉውን እንደገና መሳል አለ። ለሰው ለመላክ ፎቶ ስታነሱት የእጃችሁ ጥላ ያርፍበታል። የሁለት ዓመት ሥዕሌንም የሐምሌ ዝናብ በልቶታል።

ነጭ ሰሌዳ ለሐሳብ ማስቀመጫ አይሆንም፣ ነገ ይጠፋል። ያላችሁ ግን የማይጠፋ ፓርከር ተሸጦላችሁ ሰሌዳውን ካበላሸባችሁ፣ ጽሑፉ ላይ በትክክለኛው የሰሌዳ ፓርከር ደርባችሁበት ቶሎ ጥረጉት። ይለቃል።

አንድ ወጥመድ ቀረ። «ድሮዊንግ ታብሌት» ስትሉ በ900 ብር ጥቁር ሰሌዳ የሚያወጡላችሁ አሉ። በቀለም ይጽፋል፣ ያምራል። ቁልፉን ሲጫኑት ሁሉም ድርግም ብሎ ይጠፋል፤ የትም አይቀመጥም። የልጆች መጫወቻ ነው። አዙራችሁ እዩት፣ ከኮምፒውተር የሚገናኝበት መሰኪያ ከሌለው መልሱላቸው።