ስኮርችድ ኧርዝ ከወራት በኋላ፦ ማዕዘን፣ ኃይል፣ ንፋስ

ስኮርችድ ኧርዝ በላፕቶፔ ላይ ከተጫነ ወራት አልፈዋል። በእነዚህ ወራት ሌሎች ጨዋታዎች ገብተው ተሰርዘዋል። ዌንደል ሂከን እ.ኤ.አ. በ1991 ለኤምኤስ ዶስ ኮምፒውተሮች የሠራው፣ አንዲት ፍሎፒ ዲስክ የምትበቃው ይህ ጨዋታ ግን ከቤታችን አልወጣም። የእህቴ ልጆች ቅዳሜ ማታ ሲመጡ አስቀድመው የሚጠይቁት እሱን ነው። የምጽፈውም ከእነሱ ጋር ስጫወት ያየሁትን ነው።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። ታንኮች በተራራና በሸለቆ ላይ ተራርቀው ይቆማሉ። ተራው የደረሰ ተጫዋች የአፈሙዙን ማዕዘን በግራና በቀኝ ቀስት፣ የተኩሱን ኃይል ደግሞ በላይና በታች ቀስት ያስተካክልና የስፔስን ቁልፍ ይጫናል። ኃይሉ እስከ 1000 ይደርሳል። ጥይቱ ከወጣ በኋላ የስበትና የንፋስ ነው። ንፋስ በሌለበት ሜዳ ከሁሉ የሚርቀው በ45 ዲግሪ የተተኮሰው ነው። በ30 እና በ60 ዲግሪ በአንድ ዓይነት ኃይል የተተኮሱ ጥይቶች እኩል ርቀት ላይ ያርፋሉ፤ አንዱ ዝቅ ብሎ ፈጥኖ፣ ሌላው ከፍ ብሎ ዘግይቶ። ይህን የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ተራራ ከመካከል ሲገባና ንፋስ ሲነሳ ግን ቀመሩ ብቻውን አያደርስም፤ ያለፈው ተኩስ የት እንደወደቀ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ይህን ጨዋታ ለወራት ያቆየልኝ እሱ ነው። የሳተ ተኩስ አይባክንም። ኃይሉ ምን ያህል እንደበዛ፣ ንፋሱ ጥይቱን ወዴት እንደገፋው ይናገራል፤ የሚቀጥለው ተኩስ በዚያ ላይ ይመሠረታል። ታላቁ ልጅ ማንም ሳያዘው ማዕዘኑንና ኃይሉን በደብተር መመዝገብ ጀምሯል። ብዙ ትምህርት ሰጪ የተባሉ ጨዋታዎችን ገዝቼለት አይቻለሁ፤ አንዳቸውም እርሳስ አላስያዙትም።

መሬቱም ዝም ብሎ አይቀመጥም። እያንዳንዱ ፍንዳታ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ከላይ ያለው አፈር ይናዳል፣ ሥሩ የተናደበት ታንክ ይወድቃል፤ ፓራሹት ካልገዛ ይጎዳል። የተጎዳ ታንክ ደግሞ የሚተኩስበት ኃይል አብሮ ይቀንሳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የተመታ ሰው ሩቅ ያለውን ጠላት መድረስ ይከብደዋል። ሮለር የሚባለው መሳሪያ መሬት ሲነካ ቁልቁለቱን ይዞ እየተንከባለለ ሸለቆ ውስጥ የተደበቀውን ያገኛል። ናፓልም የተባለው የሚነድ ፈሳሽም እንደዚሁ ወደ ታች ይፈስሳል። በአፈር ጠላትን መቅበርም ይቻላል፤ የተቀበረው ቢተኩስ በራሱ ላይ ይፈነዳበታል። ትንሿ ሚሳይል በነጻ ናት፣ አታልቅም፤ ሌላው ሁሉ በዙሮች መካከል በሚከፈተው ገበያ ይገዛል። ትንሹ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ለትልልቅ ቦምቦች ያወጣል። ታላቁ ጋሻ ገዝቶ የቀረውን ያስቀምጣል፤ ያልወጣ ገንዘብ ወለድ ይወልዳልና።

ከሁሉ ይልቅ የወደድኩት ታንኮቹ መናገራቸውን ነው። ሲተኩሱ የሚሉት በአንድ የጽሑፍ ፋይል፣ ሲሞቱ የሚሉት በሌላ ፋይል ተቀምጧል፤ ሁለቱንም ማንኛውም ሰው ከፍቶ መለወጥ ይችላል። የመጣልን ሐሳብ ፉከራ ነበር። ጨዋታው የግዕዝን ፊደል ስለማያሳይ በላቲን ፊደል ጻፍነው፤ አሁን ታንኮቻችን «አካኪ ዘራፍ!» ብለው ይተኩሳሉ፣ ሲወድቁ «ደሜን መልሱልኝ!» ይላሉ። አባቴ ይህን ሰምተው ፎካሪ ያለ ፈረስ ስም አይሆንም አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዱ ታንክ በዳግማዊ ምኒልክ ፈረስ ስም አባ ዳኘው፣ ሌላው በአፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ይባላሉ፤ ልጆቹም ስሞቹ የማን እንደነበሩ ጠይቀው አውቀዋል።

ብቻውን ለሚጫወት ሰው ግን ቶሎ ይሰለቻል። ሞሮን የተባለው የኮምፒውተር ተጫዋች እንዳገኘ ይተኩሳል፤ ሹተር ከፊቱ በቀጥታ ያለውን ብቻ ይሻል። ስፖይለር አስልቶ ስለሚመታ ለጀማሪ ተስፋ ያስቆርጣል። ቶሰር ብቻ በየተራው እያረመ እንደ ሰው ይቀርባል፤ እኔም ሰው ሲጠፋ የምገጥመው እሱን ነው። እስከ 10 ተጫዋች ይቻላል ቢባልም ከአራት በላይ ሲሆኑ ተራ መጠበቁ ልጆችን ያደክማል። ድምፁ የአሮጌ ኮምፒውተር ጩኸት ነው፤ እኛ ዘግተነዋል። የድሮ የዶስ ጨዋታዎችን በዛሬ ኮምፒውተር በሚያስኬደው ዶስቦክስ በተባለ ፕሮግራም ሲከፈት ጥይቱ ዓይን ሳይከተለው ሊያልፍ ይችላል፤ ኮንትሮልን ይዞ ኤፍ11ን ደጋግሞ መጫን ፍጥነቱን ይቀንሳል።

እህቴ የጦር መሳሪያ ጨዋታ መሆኑን አልወደደችውም፤ ቅሬታዋን ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጦርነት በየቤቱ በሚወራበት ዘመን ናፓልምን በዋጋ ተምኖ የሚሸጥ ገበያ ልጅ ፊት ሲከፈት ቀላል ነገር አይደለም። በማስተካከያው ውስጥ ገበያው የሚሸጣቸውን መሳሪያዎች ደረጃ መገደብ ስለሚቻል ዝቅ አድርገነዋል፤ እንዲያውም ጨዋታው በዚህ ተሻሻለ። ሁሉን የሚያጠፋ ቦምብ ሲቀር አነጣጥሮ መተኮስ ዋጋ አገኘ።

ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው፦ ሁለት ወይም ሦስት ተጫዋች፣ ጥቂት ዙር፣ የመሳሪያው ደረጃ ዝቅተኛ፣ ከተራ ወደ ተራ የሚለዋወጠው ንፋስ ደግሞ ይዘጋ። ጥይት በአንድ ጎን ወጥቶ በሌላው የሚመለስባቸውንና የሚነጥሩባቸውን ግድግዳዎች እጅ ከተፍታታ በኋላ መሞከር ይሻላል፤ እኛ ቤት ገና አሁን ነው የከፈትናቸው።