ለሰጋር ፈረስ ኮርቻ ልታሠሩ ከሆነ ይቺን አንብቡ

ሰው ስለ ስልክ ይጽፋል፣ ስለ ምግብ ቤት ይጽፋል። ስለ ኮርቻ የጻፈ ግን ፈልጌ አጣሁ። አንድ ሰው ቀድሞኝ ቢጽፍ ኖሮ ከዳንግላ እንጅባራ ሦስት ጊዜ አልመላለስም ነበር።

ሱቁ እንጅባራ ገበያው ዳር ነው። ታፔላ የለውም። በሩ ላይ ልጓምና ግላስ (የፈረስ ማልበሻው ጨርቅ) ተሰቅሎ ካያችሁ እሱ ነው። ባለሙያው ሽማግሌ ናቸው፤ ከደንበኛ ጋር ግማሹን በአዊኛ ግማሹን በአማርኛ ያወራሉ። ስማቸውን አልጽፍም፣ መጀመሪያ ስለምወቅሳቸው።

ኮርቻው ለአባቴ ነው። አሮጌው እንጨቱ ተሰንጥቆበት ነበር፣ ጥር 23 ደግሞ እየደረሰ ነበር። ለማታውቁ፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው፤ ዛሬ አባላቱ ከ60 ሺህ በላይ ናቸው፣ በያመቱ ጥር 23 የዓድዋን ፈረሶችና ፈረሰኞች እያሰበ እንጅባራ ላይ ይወጣል። ጉግስና ሽርጥ የሚባሉት የፈረስ ጨዋታዎች አሉ። የአባቴ ነገር ግን ስግሪያው ነው፣ ፈረሱ ሰውየውን ሳይንጥ ፈጠን ፈጠን እያለ የሚራመድበት። ዳማው ፈረሱ እንዲህ የሚራመድ ሰጋር ነው። ቡና በሲኒ ይዘህ ብትቀመጥበት አይደፋም ይላል፣ ትንሽ ያጋንናል።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ አዘዝኩ። በሁለት ሳምንት ይደርሳል ተባልኩ፣ ወር ሞላ። እሺ፣ ይሁን። ዋጋው የግማሽ ወር ደመወዜን ወሰደ፣ እሱም ይሁን። ኮርቻውን ሳየው ግን ቂሜን ረሳሁት። እንጨቱ ዋንዛ ነው። ጠፍሩ፣ ማለትም ጥሬ ቆዳው፣ እርጥቡን ተሰፍቶ እዚያው ላይ ስለደረቀ እንጨቱን ጥፍር አድርጎ ይዞታል፣ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አጣሁበት። ስፌቱን በእጃችሁ ብትዳስሱት አንዱ ከአንዱ አይበልጥም።

ችግሩ የመጣው አባቴ አንድ ሰዓት ያህል ጋልቦ ሲመለስ ነው። ኮርቻውን አወረደና ዝም ብሎ የዳማውን ጀርባ ማየት ጀመረ። ጀርባው በሙሉ በላብ ርሷል። ከትከሻው ኋላ፣ ግራና ቀኝ፣ መዳፍ የሚያክሉ ሁለት ቦታዎች ብቻ ደረቅ ናቸው። እኔ ደረቅ መሆኑ ደግ ነገር መስሎኝ ነበር። «አንቆታል» አለኝ። እንጨቱ የሚጫነው ቦታ ላይ ላብ አይወጣም ማለት ነው። እንደዚያው ሳምንት ቢጋለብ ገጣባ ነው፣ ገጣባ ደግሞ ቢድንም ቦታው ላይ ነጭ ጠጉር ያበቅላል፣ ፈረሱ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይዞራል።

በማግስቱ ኮርቻውን ሚኒባስ ላይ ጭኜ እንጅባራ ሄድኩ። ተቆጥቼ ነበር የገባሁት። ሽማግሌው ቀና ብለው እንኳን ሳያዩኝ «ፈረሱ ሰጋር ነው?» አሉ። አዎ አልኩ። «ታዲያ ስታዝ አትናገርም?»

እርስዎስ ለምን አልጠየቁኝም? ይሄን በሆዴ ነው ያልኩት። ግን እውነቴን ነው፣ ወቀሳዬ ይሄ ነው። የፈረሱን ቁመት ጠየቁ፣ የአባቴን ክብደት ጠየቁ፣ አረማመዱን አልጠየቁም። አብዛኛው ሰው የሚያሠራው ለጉግስ ስለሆነ የለመዱትን ሠሩ። የጉግስ ኮርቻ ፊቱም ኋላውም ከፍ ብሎ ሰውየውን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ ዘንግ ሲወረውር፣ የተወረወረበትን በጋሻ ሲመክት፣ ወደ ኋላ ሲጣመም እንዳይወድቅ። ሰጋር ግን ትከሻው ካልተለቀቀለት እርምጃው ይበላሻል።

ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ዋልኩ። ጠፍሩን ፈቱ፣ የፊተኛውን እንጨት መፋቅ ጀመሩ። እኔ ሥራ ስላልነበረኝ ስልኬን አውጥቼ ሰሞኑን እንቅልፍ ያሳጣኝን ነገር አሳየኋቸው። ካሪቢያን ውስጥ ፖርቶ ሪኮ የምትባል ደሴት አለች። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1493 ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ፈረስ በመርከብ ይዞ ጎረቤት ደሴት ላይ አወረደ፣ ከዚያ ዘሩ ወደ ፖርቶ ሪኮ ተሻገረ። ከስፔን ከመጡት መካከል ሰጋር ዝርያ ነበረበት። ስፔን ውስጥ ያ ዝርያ ዛሬ ጠፍቷል፣ ደሴቷ ላይ ግን ሰጋሩን ከሰጋር እያዳቀሉ አቆዩት። ፓሶ ፊኖ ይሉታል፣ ረቂቅ እርምጃ እንደማለት።

ሽማግሌውን የገረማቸው ውድድሩ ነው። መሬት ላይ የእንጨት ሳንቃ ይዘረጋሉ፣ ፈረሱ እሱ ላይ ያልፋል። ዳኛው ከማየቱ ይልቅ ይሰማል። አራቱ እግሮች አንድ በአንድ፣ በእኩል ልክ፣ በጣም ፈጥነው ያርፋሉ፤ ፈረሱ ግን ወደፊት ብዙም አይሄድም። ስልኩን ተቀበሉኝና ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ተከ ተከ ተከ ተከ ይላል። አንድ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ አብሮ ይመታ ነበር።

«ይሄማ ሰጋር ነው» አሉ። ቀጥለው «ኮርቻቸውን አሳየኝ እስቲ።»

ቪዲዮውን አቆምኩላቸው። ዝቅ ያለ ነው፣ ፊቱ ላይ ወደ ውስጥ ተቆርጦ የትከሻውን አናት ክፍት ይተወዋል። «በል እየው፣ ትከሻውን ለቀውለታል። እኔስ ምን እያደረግሁ ነው?» ብለው ወደ መፋቃቸው ተመለሱ።

ምሳ ሰዓት ላይ የካማሬሮን ወሬ አነሳሁ። እሱ ሰጋር አይደለም፣ የሩጫ ፈረስ ነው፣ የዚያችው ደሴት። እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1955 ድረስ 56 ጊዜ ተከታትሎ አሸነፈ። ከእሱ በፊት ክብሩ የሃንጋሪዋ ባዝራ የኪንቼም ነበር፣ 54 ሮጣ 54ቱንም ያሸነፈችው። ካማሬሮ በጠቅላላ 77 ጊዜ ሮጦ 73ቱን ወሰደ። ዛሬ ካኖቫናስ ያለው የደሴቲቱ መሮጫ በስሙ ይጠራል። ካማሬሮ በስፓኒሽ አስተናጋጅ ማለት ነው ስላቸው የያዙት እንጀራ እስኪወድቅ ሳቁ። እኛ በፈረስ ስም አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ ስንል እነሱ አስተናጋጅ! እ.ኤ.አ. በ1956 በሆድ ሕመም፣ አንጀቱ ተጠማዞ እንደሞተ ስነግራቸው ግን ሳቁ ቆመ። እሳቸውም አንድ ጉራቻ በዚሁ ሄዶባቸዋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያንከባልለው አደረ አሉና ሌላ አልጨመሩም።

እኔን ያስቀናኝ ሌላ ነው። ጉዋያማ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1927 የተወለደ ዱልሴ ሱዌኞ የሚባል ድንጉላ ነበር፣ ጣፋጭ ሕልም ማለት ነው። ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የዛሬው ፓሶ ፊኖ ባለቤት ግን የፈረሱን አያት ቅድመ አያት እየቆጠረ እሱ ጋ ይደርሳል፣ ከተማዋም በየዓመቱ በስሙ የፈረስ ዝግጅት ታደርጋለች። የእኛ ዳማ የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነው፣ እሱም ከእናቱ በላይ አያውቅም። አባትየው «የዚያ የታች ሰፈሩ ሰውዬ ፈረስ» ነው። የትኛው ሰውዬ እንደሆነ እስካሁን ክርክር ነው።

ወደ ኮርቻው ልመለስ። ማታ አስራ አንድ ሰዓት ላይ አስረከቡኝ። ለማስተካከያው ሳንቲም አልተቀበሉም። አባቴ በነጋታው ጋልቦ ሲመለስ መጀመሪያ ያየው ጀርባውን ነው። ወጥ ላብ፣ ደረቅ ቦታ የለም። ጥር 23 ላይ ምንም ሽልማት አላገኘም፣ ግን ፊቱ ከሽልማትም በላይ ነበር። አሁን ሚያዝያ ነው፣ ኮርቻው ንቅንቅ አላለም።

የማይወደድ ነገር አለው? አለው። ዘለበቶቹ ርካሽ ናቸው፣ አንዱ ዝጓል፣ ከሌላ ቦታ ገዝታችሁ ስጧቸው። እርካቡ ለጫማ ይጠባል፤ የድሮ ሰው አውራ ጣቱን ብቻ ነበር የሚያስገባው፣ እሳቸውም ልማዱ አልለቀቃቸውም መሰለኝ። የቀጠሮውን ነገር ነግሬያችኋለሁ፣ ሁለት ሳምንት ካሏችሁ አራት በሉት። ለጥር የምታስቡ ከሆነ መስከረም ላይ እዘዙ። ገና ከበሩ ስትገቡ፣ ሰላምታ ሳታበዙ፣ «ለስግሪያ ነው» በሉ።

ቀዩን ግላስ ግን አትግዙ። ትንሽ ካፊያ ነክቶት የአባቴን ነጭ ተፈሪ ሱሪ ሮዝ አድርጎታል።