የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ለቤት ሶላር፦ ዋጋው ያዋጣል ወይ?

የንጹህ ኃይል ድጎማና ቀረጥ ክርክር ብዙውን ጊዜ ፓነሉ ላይ ያተኩራል፤ ማታ መብራት የሚሰጠው ግን ባትሪው ነው። 12.8 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት የሆነው የሊቲየም ባትሪ 1,280 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ 80 በመቶውን ያለ ስጋት መጠቀም ይቻላል። የአሲድ ባትሪ ግን በተደጋጋሚ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ መግዣ ዋጋን ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። ዋጋውን ባትሪው በዕድሜው ሙሉ ለሚሰጠው ኪሎዋት-ሰዓት ያካፍሉት፤ ድጎማም መታሰብ ያለበት በዚሁ ስሌት ነው።

ጣጣው ያለው ገጠማው ላይ ነው። ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ቻርጅ ኮንትሮለር በአሲድ ባትሪ ሞድ ከተተወ ቮልቴጁ ከ14.6 ቮልት ሊያልፍ ይችላል፤ ያኔ የባትሪው መከላከያ ሰርኪዩት ቻርጁን ይቆርጣል። 14.2 እስከ 14.4 ላይ ያስተካክሉት። የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃዎች ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ኢንቨርተር ደግሞ 1,500 ዋት ከሆነ ሙሉ ጭነት ላይ ከ115 አምፒር በላይ ይስባል። የመከላከያው አቅም 100 አምፒር ከሆነ ቤቱ ድርግም ይላል፣ ሰውም «ባትሪው ተበላሸ» ይላል። ለዚህ ባትሪ 1,000 ዋት ይበቃል። ፊውዙ ከፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ይሁን። ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግ ሴሎቹን ለዘለቄታው ይጎዳል፤ ብርድ ላለበት ቦታ ማሞቂያ የተገጠመለትን ይምረጡ።