የእባብ መርዝ መምጠጫ ሳጥን፦ በዚያው ብር ቦቲና ፋሻ ይገዛል

ሳጥኑ ሲከፈት ስሪንጅ የሚመስል መምጠጫ፣ ትልቅና ትንሽ የፕላስቲክ አፎች፣ ምላጭና ማሰሪያ ገመድ ይዟል። አጠቃቀሙ ቀላል ይመስላል፤ አፉን የተነደፈው ቦታ ላይ ደፍቶ መሳብ ነው። ለሸዋ ሮቢት ማሾ አራሚም ሆነ ለጀማ ሸለቆ ማሽላ አጫጅ ግን አንዱም አይጠቅምም፤ ምላጩና ገመዱማ ጭራሽ ይጎዳሉ።

የእፉኝት ጥርስ እንደ መርፌ ውስጡ ክፍት ነው፤ በትልልቆቹ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። መርዙን ሥጋ ውስጥ በጥልቀት ትቶት ይወጣል፣ የቆዳው ቀዳዳም ይገጥማል። ስለዚህ የሚሳበው ደምና ውሃ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በታተመ ሙከራ፣ መርዝን የሚተካ ፈሳሽ በፈቃደኞች እግር ተወግቶ ከ3 ደቂቃ በኋላ መምጠጫው ለ15 ደቂቃ ተደፋበት። የወጣው ከገባው 0.04 በመቶ ብቻ ነበር። በመምጠጫው አፍ ውስጥ ቀይ ፈሳሽ ሲታይ ግን ቤተሰቡ «መርዙ ወጣ» ብሎ ይረጋጋል። የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው፤ ሐኪም ቤት መድረሻው ሰዓት በዚህ ያልቃል።

ምላጩ በመርዙ ምክንያት ደሙ መርጋት ላቃተው ሰው ተጨማሪ የደም መፍሰሻ ይከፍታል። ጠብቆ የታሰረ ገመድ እግሩን ያበሰብሳል። በሽተኛው ታስሮ ከተገኘ ደግሞ ቤት ውስጥ በድንገት መፍታት አደገኛ ነው፤ የታገደው መርዝ ባንዴ ይለቀቃል፤ ሐኪም ባለበት ይፈታ። ጥቁር ድንጋይ የሚባለው የተቃጠለ አጥንትም መርዝ አይስብም።

ፋሻው ግን ሌላ ነገር ነው። ጥቅሙን ለማየት በአገራችን ከሚገኙት ሁለቱን ማነጻጸር ይበቃል። ፓፍ አደር የሚሏት ወፍራም እፉኝት ርዝመቷ ብዙውን ጊዜ 1 ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው ሲመጣ አትሸሽም፣ ቀለሟን ተማምና ዝም ብላ ትተኛለች፤ ስትረገጥ ትነድፋለች። መርዟ ሥጋ ይበላል፦ ብርቱ ሕመም፣ ወደ ላይ የሚወጣ እብጠት፣ ውሃ የቋጠረ ቆዳ። ጥቁር ማምባ ደግሞ ቀጭን ነው፣ ከ2 እስከ 3 ሜትር ይረዝማል፤ ቀን ይንቀሳቀሳል፣ ኩይሳና የድንጋይ ስንጥቅ ይወዳል፣ መንገድ ካገኘ ይሸሻል። የእሱ መርዝ ነርቭን ይይዛል፤ ከንፈር ይደነዝዛል፣ የዓይን ሽፋን ይወርዳል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ በመጨረሻ ትንፋሽ ይቆማል። በጠብታ ቢለካ ማምባው እጅግ ይከፋል፤ ገበሬን በመንደፍ ግን እፉኝቷ ትብሳለች፣ ያውም እግር ሥር ስለምትተኛ ነው።

ለማምባ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው የሚለጠጥ ፋሻ ከጣት ጀምሮ እስከ ብሽሽት ይጠቀለላል፤ ለእግር ቢያንስ ሁለት ጥቅል ያስፈልጋል። ሱሪውን ማውለቅ አያሻም፣ በላዩ ላይ ይሁን። ጥብቀቱ ለተወለመ ቁርጭምጭሚት እንደሚታሰረው ነው፤ የእግር ጣት ከጠቆረ ወይም ከቀዘቀዘ በዝቷል፣ ይላላ። ከዚያ እግሩ ከቀጥ ያለ እንጨት ጋር ይታሰርና በሽተኛው በቃሬዛ ይሄዳል፤ አንድ እርምጃ እንኳ አይራመድ። ለእፉኝት ፋሻ አይጠቀለልም፤ መርዙን አንድ ቦታ ጨምቆ ሥጋውን ይጎዳል። ለእሷ እንጨቱና ቃሬዛው ይበቃሉ፤ እብጠቱ ሳይደርስ ጫማ፣ አልቦና ቀለበት ይውለቅ። እባቡ ካልታየና የነርቭ ምልክት ካለ ፋሻው ይደረግ፤ ከእግር ሕይወት ይቀድማል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሰጥ፤ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ ደም ያፈሳሉ።

ቦቲው ከሁሉም ይበልጣል። ንድፊያው የሚበዛው እግርና ቁርጭምጭሚት ላይ ነውና ቁመቱ ከጉልበት በታች ይድረስ፣ ላስቲኩ ወፍራም ይሁን፣ ቁጥሩ ለካልሲ እንዲመች በአንድ ይብለጥ። እንከኑ የቆላው ሙቀት ነው፤ እግር ያልብበታል፣ ሰው እኩለ ቀን ላይ ያወልቀዋል። አጫጭር ቦቲ ለዚህ መፍትሔ አይሆንም። ሌሊት ውሃ ሲጠልፉ ባትሪ አይለይ፤ እፉኝቷ የምትወጣው በጨለማ ነው። ሲያድር ቦቲው ተገልብጦ ካስማ ላይ ይሰቀል፣ ጠዋት ይራገፍ።

አንቲቬኖም የሚባለው ማርከሻ እውነተኛው መድኃኒት ቢሆንም ገዝቶ ቤት ማስቀመጥ አያዋጣም። ፈሳሹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይጠበቃል፣ በደም ሥር ይሰጣል፣ ሰውነት በድንገት ሊቆጣበት ስለሚችልም ይህን የሚያበርደው አድሬናሊን የተባለ መድኃኒት አጠገቡ መኖር አለበት። ብልቃጡ ላይ የእባቦቹ ስም ይነበብ፦ ቢቲስ አሪየታንስ እፉኝቷ፣ ዴንድሮአስፒስ ፖሊሌፒስ ማምባው ናቸው። ለእስያ እባብ የተሠራ ማርከሻ እዚህ አይሠራም። ልጅም የሚወስደው የአዋቂውን መጠን ነው፤ መርዙ ለልጅ ብሎ አላነሰምና። ቃሬዛው ከሸለቆው ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰው ጤና ጣቢያው ጋ ደውሎ ማርከሻው መኖሩን ይጠይቅ፤ ከሌለ መኪናው በቀጥታ ወዳለበት ሆስፒታል ይሂድ።