10 በ2 ሚሊሜትር የኒዮዲሚየም ማግኔት፦ ጉልበቷና ገደቧ

የሸሚዝ ቁልፍ የምታክለው ይህች ብርማ ክብ ማግኔት ከወፍራም ብረት ላይ ቀጥ ብላ ስትሳብ 1 ኪሎ ገደማ ትይዛለች። በመጠን እኩያዋ የሆነው ፌራይት የሚባለው ጥቁሩ ተራ ማግኔት አጠገቧም አይደርስም። የተሠራችው ከኒዮዲሚየም፣ ከብረትና ከቦሮን ቅይጥ ነው። ማሸጊያው ላይ ኤን 35 ወይም ኤን 52 የሚል ይጻፋል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጉልበቷም ይጨምራል። ወረቀት ለመያዝ ኤን 35 ከበቂ በላይ ነው።

ገዢን የሚያሳስተው ያ የ1 ኪሎ ቁጥር ነው። የሚለካው ቀለም በሌለው ወፍራም ብረት ላይ ነው። የፍሪጅ በር ላይ ግን ክብደቱ ወደ ታች ስለሚጎትታት ሳትላቀቅ ትንሸራተታለች፤ ያኔ የምትችለው አንድ አምስተኛውን፣ 200 ግራም ያህል ቢሆን ነው። የበሩ ላሜራ ስስ መሆኑና ቀለሙ ደግሞ ከዚያም ይቀንሱላታል። አሥር ቅጠል ወረቀት ከሥሯ ከገባ 1 ሚሊሜትር ክፍተት ተፈጠረ ማለት ነው፣ ጉልበቷም በግልጽ ይወርዳል። ቁልፍ ለመስቀል ከሆነ ከሥሯ ስስ ጎማ ለጥፉ፤ መንሸራተቱን ይገታል። አንዳንድ ስቴንለስ ስቲል ደግሞ ማግኔት ጭራሽ አይዝም፣ አስቀድሞ መሞከር ነው።

ለሳጥን መክደኛ ስትጠቀሙ ብዙው ስህተት የሚሠራው ሲጣበቅ ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ማግኔቶች እርስ በርስ አያይዙና የውጭ ፊታቸውን በማርከር ምልክት አድርጉ። ሙጫው የሚቀባው ምልክቱ ያለበት ወገን ነው። አንዷ ከተገለበጠች ሁለቱ ይገፋፉና ክዳኑ አልዘጋም ይላል። የኒኬል ልባሱ ልሙጥ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ አሻክሩት፤ እስኪገፈፍ ግን አይሁን፣ ውስጧ ቶሎ ይዝጋል። በአልኮል ጠርጉና ከሁለት ቱቦ የሚቀላቀለውን ኢፖክሲ ሙጫ ቀብታችሁ 24 ሰዓት ተዉት።

እንደ ሸክላ ተሰባሪ ናት። ሁለቱ ተስበው ሲጋጩ ጠርዛቸው ይፈነጠራል፤ ስለዚህ ስታለያዩ ወደ ጎን አንሸራቱ። መብሳት አይሞከርም፣ ትሰነጠቃለች፣ ብናኟም እሳት ይይዛል። ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሞቀች ከጉልበቷ የተወሰነው አይመለስም፤ ምድጃ አጠገብ ፌራይት ይሻላል።

ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ግን ባትገባ ይመረጣል። ሁለት ከተዋጡ በአንጀት ግድግዳ ግራና ቀኝ ሆነው ይሳሳቡና ይበሱታል። እንዲህ ከተጠረጠረ ሕመም እስኪመጣ አይጠበቅም፣ ወዲያው ሆስፒታል ነው።