የታሸገ ኢኤም ወይስ የእንጀራ እርሾ? ለጓሮ አትክልት የቱ ያዋጣል

«ያ ቡኒ ውሃ የት ይገኛል? ስንት ነው?» በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ደውሎ ጠየቀኝ። ለአራቱም አትግዙ ነው ያልኩት። አምስተኛው ሳይደውል ልጻፈው።

ቡኒው ውሃ ኢኤም ይባላል። ጃፓናዊው ፕሮፌሰር ቴሩዎ ሂጋ ኦኪናዋ ላይ ያወጡት ነው። ወተት የሚያረጉ ባክቴሪያዎች፣ ብርሃን የሚመገቡ ባክቴሪያዎችና የእርሾ ፈንገስ (ይስት) አብረው የሚኖሩበት ፈሳሽ ነው። ለኮምፖስት፣ ለደከመ አፈርና ለዶሮ ቤት ሽታ ጥሩ ነው። ማዳበሪያ ግን አይደለም! አንድ የገጠር ዘመዴ ዩሪያውን ትቶ በቆሎው ላይ ይህንን ሲረጭ ከረመ። በቆሎው ቢጫ ሆኖ ቀረ። ዩሪያ ከ100 ኪሎው 46ቱ ናይትሮጅን ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከምንም አይቆጠርም።

እስካሁን አራት ጠርሙስ ገዝቻለሁ። ደህና የነበረው አንዱ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ በ250 ብር ወሰድኩ። በሃይላንድ ተቀድቶ፣ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ኢኤም» ተብሎ ተጽፎበታል። ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ። ደህናው ሲከፈት ጠጅ ጠጅ ይላል፣ ኮምጠጥም ይላል። ኮምጣጣነትን በሚለካው የፒኤች ወረቀት ሲታይ ከ4 በታች ነው (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ይኮመጥጣል)። የኔው 6 አካባቢ ቆመ። ጣፋጭ ውሃ ነው የተሸጠልኝ። ሁለተኛው የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ሦስተኛው፣ ሻጩ ራሱ እንዳመነልኝ፣ የተባዛው እንደገና ተባዝቶ፣ ያም ተባዝቶ ነው። በተባዛ ቁጥር እየደከመ ነው የሚሄደው። አራተኛውን ሙሉ እሽጉን ከአምራቹ ገዛሁ። እሱ ሠርቷል፣ አልዋሽም።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ኢኤም የሚባዛው 1 እጅ ኢኤም፣ 1 እጅ ሞላሰስ (የስኳር ፋብሪካ ጥቁር ወፍራም ተረፈ ምርት)፣ 18 እጅ ውሃ ተደርጎ ነው። ሁሉም ሰው 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ ይነሳል። እኔም ተነስቼ ነበር። ግን ግቢዬ ውስጥ ያለው 12 ማዳበሪያ ሙሉ አፈር ነው፤ ማዳበሪያ ስል ከረጢቱን ነው። ጎመን፣ ቆስጣና ቃሪያ አለበት። በሳምንት አንድ 10 ሊትር ማጠጫ ይበቃዋል። እዚያ ውስጥ የሚገባው የተባዛ ኢኤም 20 ሚሊ ሊትር ነው። ሃያው ሊትር አንድ ሺህ ሳምንት ሊቆየኝ ነው ማለት ነው! የተባዛው ደግሞ ጥሩ የሚሆነው ለአንድ ወር ገደማ ነው። ስለዚህ 2 ሊትር አዘጋጁ፤ እሱም ይተርፋል።

ለ2 ሊትር 100 ሚሊ ሞላሰስ ይገባል፣ በኔ ግዢ 6 ብር ገደማ። 100 ሚሊ ኢኤም ሲጨመር 25 ብር ነው። ድምሩ 31 ብር። በኢኤሙ ቦታ የእንጀራ እርሾ ካስገባችሁ 6 ብር ብቻ። ልዩነቱ ማኪያቶ እንኳ አይገዛም፣ አውቃለሁ። እኔን ያስመረረኝ ልዩነቱ ሳይሆን በፎርጅድ የሄደው 750 ብር ነው። እርሾን ፎርጅድ የሚያደርግ የለም። ሊጡ ላይ ሲንሳፈፍ ዓይናችሁ እያየ ነው የሚቀዳው።

የእንጀራ እርሾ ውስጥ ወተት የሚያረጉት ባክቴሪያዎችም ይስቱም አሉ። ብርሃን የሚመገቡት የሉም። ጎመኔ ላይ ልዩነት አላየሁም። አንድ በረት ከብት ወይም ብዙ ዶሮ ያለው ሰው ግን ከአምራቹ እሽግ ይግዛ፣ አልከራከረውም።

በእርሾ ስትሠሩ ገንዘባችሁን የሚበላው ሞላሰሱ ነው። መኖ ቤት በሊትር ከሸጡላችሁ ተጠንቀቁ። ደህና ሞላሰስ 1 ሊትሩ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ ይመዝናል። እኔ በ65 ብር የገዛሁትን ሊትር ሽንኩርት ቤት ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 1 ኪሎ ከ180 ሆነ። ከግማሹ በላይ ውሃ ነበር። አሁን በኪሎ 45 ብር ከሚሸጥ ቤት ነው የምወስደው። በኪሎ ሲሆን ውሃ ቢጨምር እንኳ ክር ሆኖ አለመውረዱ ያስታውቅበታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ በባልዲ ክፍት ይደር። ሞላሰሱን በለብታ በጥብጡ፣ እርሾውን ጨምሩ፣ 3 ሊትር የዘይት ጀሪካን ውስጥ ከድናችሁ 7 ቀን አቆዩት። በየቀኑ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ አስተንፍሱት። የመጀመሪያውን አጥብቄ ከድኜ ወጥ ቤት ረሳሁት። በሦስተኛው ቀን ጀሪካኑ እርጉዝ መስሎ አገኘሁት። ክዳኑን ነካ ሳደርገው ፈንድቶ ግድግዳውንም የባለቤቴን ነጠላም ቡኒ አደረገው። ነጠላው እስከዛሬ አልነጣም።

ወተት የሚያረጉትን ባክቴሪያዎች በወተት የማርባቱንም መንገድ የሚጠይቁ አሉ። የሩዝ እጣቢ አንድ ሁለት ቀን ይቆይና በአሥር እጥፍ ወተት ይደባለቃል። በሳምንት ገደማ እርጎው ላይ ይወጣል፣ ቢጫው ውሃ ከሥር ይቀራል። የሚፈለገው ውሃው ነው። ይሠራል። ግን ለግማሽ ሊትር ወተት 55 ብር? በዐቢይ ጾም ወተት ሲረክስ ሞክሩት፤ ጎመኑ አይጾምም።

የእውነት ምግብ ለአትክልቱ ከፈለጋችሁ ሳማ ነው። በነጻ መንገድ ዳር ሞልቷል። ጓንት አድርጋችሁ ሳያብብ እጨዱት፣ 1 ኪሎውን ከትፋችሁ 10 ሊትር ውሃ ውስጥ ሁለት ሳምንት ዘፍዝፉት፣ ከዚያ አንዱን በአሥር ውሃ አቅጥኑ። ሽታው ጎረቤት ያጣላል። አንድ ኩባያ የእርሾውን ብጥብጥ ስጨምርበት ቀለል ብሎልኛል። ሁለቱንም ሥሩ ላይ አፍስሱ፣ ጥሬውን የሚበላ ሰላጣ ላይ አትርጩ።

እኛ ቤት እንጀራ አይጋገርም። እርሾውን የማመጣው እንጀራ ከምትሸጥልን ሴትዮ ነው። ድሮ ትደፋው ነበር። ትናንት ሃይላንዱን ስሰጣት «ይኼም ዋጋ ሊወጣለት ነው እንዴ?» አለችኝ። 10 ብር ሰጠኋት። አሁን ሂሳቡ 16 ብር ሆኗል።