ኢኖ ሴትአፕ ከአንድ ዓመት በኋላ፦ የፎልደር ፈቃድ ጉዳይ

ለዊንዶውስ ፕሮግራሞች ጫኚ የሚያዘጋጀውን ኢኖ ሴትአፕን ካለፈው ዓመት መስከረም ወዲህ በሥራችን ላይ እየተጠቀምንበት ነው። ስለ መስኮቶቹ መልክና ስለ ማመቂያው ጥራት ብዙ ተጽፏል፤ እኔ በሰፊው መናገር የምፈልገው ለፋይልና ለፎልደር ፈቃድ ስለሚሰጥበት መንገድ ነው። ደንበኛ የሚማረርብንም የሚያመሰግነንም በዚህ ጉዳይ ነውና።

ስታዲየም አካባቢ ባለው ቢሯችን ለፋርማሲዎችና ለጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች የሽያጭና የዕቃ ክምችት ፕሮግራም እንሠራለን። ደንበኞቻችን ከለገሃር እስከ ፒያሳ፣ በቸርችል ጎዳና ግራና ቀኝ ያሉ ናቸው። ችግር ሲፈጠር በእግራችን ሄደን በዓይናችን እናየዋለን።

መሣሪያው ጆርዳን ራስል የጀመረው ሲሆን የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከበይነ መረብ በነፃ ይወርዳል፤ መጠኑም ትንሽ ስለሆነ በደካማ መስመር አያስቸግርም። የጫኚው ትእዛዝ በሙሉ በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ይሰፍራል፤ ፈቃዱን ማንም ባልደረባ ከፍቶ ሊያነበውና ሊያርመው ይችላል።

ችግሩ ላልገጠመው ሰው ላስረዳ። ዊንዶውስ ላይ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበት ፕሮግራም ፋይልስ የሚባለው ፎልደር ለተራ ተጠቃሚ የሚነበብ ብቻ ነው። ተጠቃሚዎች የሚጋሩት መረጃ ቦታው ፕሮግራም ዳታ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራም ዳታ ውስጥ ማንኛውም ተጠቃሚ አዲስ ፋይል መፍጠር ይችላል፤ በፋይሉ ላይ እንደ ልቡ የሚያዝዝበት ግን የፈጠረው ሰው ነው። ሌላው ተራ ተጠቃሚ ያነባል፣ መጻፍ አይችልም።

ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ አንድ ፋርማሲ ይህ በግልጽ ታየ። ያኔ የምንሠራበት ሌላ የመጫኛ ማዘጋጃ የፎልደር ፈቃድ የሚባል ነገር አይነካም ነበር። በፋርማሲው ሁለት ገንዘብ ተቀባዮች አሉ፤ የየራሳቸው የዊንዶውስ መለያ አላቸው። የጠዋቷ ልጅ ፕሮግራሙን ቀድማ ስለከፈተች ዳታቤዙ በእሷ ስም ተፈጠረ። ከሰዓት የሚገባው ልጅ የዕቃው ዝርዝርም ዋጋውም ይታየዋል፤ ሽያጭ ሊመዘግብ ሲል ግን ዳታቤዙ ለንባብ ብቻ መሆኑን የሚናገር መልእክት ይመጣበታል። የፋርማሲው ባለቤት ደውለው «ልጄ፣ ጠዋት የሚሠራው ከሰዓት እምቢ የሚለው ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። የፋይሉን ሴኩሪቲ ገጽ ስንከፍት መልሱ እዚያው ተጽፏል፦ ለጠዋቷ ልጅ ሙሉ ፈቃድ፣ ተራ ተጠቃሚዎች ሁሉ ላሉበት ዩዘርስ ለሚባለው ቡድን ማንበብና ማስኬድ።

በኢኖ ሴትአፕ ይህን የሚፈታው አንድ መስመር ነው። ዲርስ በሚባለው ክፍል በፕሮግራም ዳታ ሥር የሚፈጠረውን የራሳችንን ፎልደር እንጽፍና ፐርሚሽንስ በሚለው ቦታ ዩዘርስ-ሞዲፋይ፣ ማለትም ለዩዘርስ ቡድን የመቀየር ፈቃድ፣ እንሰጠዋለን። ከዚያ በኋላ በፎልደሩ ውስጥ የሚፈጠር ፋይል፣ ማንም ይፍጠረው፣ ፈቃዱን ይወርሳል። ፎልደሩ ቀድሞ የነበረ ቢሆንም ፈቃዱ ይሰጠዋል። በፋርማሲው ኮምፒውተር ላይ አዲሱን ጫኚ በአሮጌው ላይ ስናስኬደው ነባሩ ዳታቤዝ ለሁለቱም ልጆች ተከፈተ፤ አንድም የሽያጭ መዝገብ አልጠፋም።

ፈቃዱን ለዳታቤዙ ፋይል ብቻ መስጠት አይበቃም። እንደ እኛ ኤስኪውላይት የተባለውን የዳታቤዝ ዓይነት የሚጠቀም ሰው ይህን ልብ ይበል። ኤስኪውላይት ሲጽፍ ከዳታቤዙ ጎን ጊዜያዊ የጆርናል ፋይል ይፈጥራል፤ በመሃል መብራት ቢጠፋ መረጃውን የሚታደገው ይህ ፋይል ነው። ፎልደሩ ካልተፈቀደለት ጆርናሉን መፍጠር አይችልም፤ መዝገቡም ሳይጻፍ ይቀራል።

ውሎ አድሮ ይበልጥ ያደነቅሁት ሌላ ነገር አለ። መሣሪያው ቡድኖችን የሚለያቸው በመለያ ቁጥራቸው ነው። ዩዘርስ የተባለው ቡድን በጀርመንኛ ዊንዶውስ ላይ ስሙ ሌላ ነው፤ ቁጥሩ ግን የትም ቢሄዱ ኤስ-1-5-32-545 ነው። ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ከውጭ ሲመጡ ዊንዶውሱም የመጡበትን አገር ቋንቋ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቡድኑን በእንግሊዝኛ ስሙ የሚጠራ ስክሪፕት (የትእዛዝ ጽሑፍ) እንዲህ ባለ ኮምፒውተር ላይ ይቆማል፤ የኢኖ ሴትአፕ መስመር ግን ሥራውን ይሠራል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። አንዳንድ የጥገና ባለሙያዎች ፕሮግራም እምቢ ባለ ቁጥር የሚያዝዙት መድኃኒት አንድ ነው፦ ፕሮግራሙ ያለበትን ፎልደር ኤቭሪዋን ለሚባለው፣ ማለትም ለሁሉም ሰው፣ በሙሉ ፈቃድ መክፈት። ችግሩ ወዲያው ይጠፋል፤ በሩ ግን እንደተበረገደ ይቀራል። ከፍላሽ የገባ ቫይረስ የፕሮግራሙን ማስኬጃ ፋይል በራሱ ፋይል ሊተካው ይችላል፤ ሥራ አስኪያጁ ፕሮግራሙን በአድሚኒስትሬተር ሥልጣን ያስኬደ ዕለት ቫይረሱ የኮምፒውተሩ ጌታ ይሆናል። የኢኖ ሴትአፕ መመሪያ ይህን አጥብቆ ያስጠነቅቃል፦ ፕሮግራሙ ራሱ ለተቀመጠበት ፎልደር የመጻፍ ፈቃድ ከመስጠት ተቆጠቡ፣ የዊንዶውስን ዋና ዋና ፎልደሮች ፈቃድ ደግሞ በፍጹም አትቀይሩ ይላል። ለአዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የማስነብበው ይህን ገጽ ነው። የሰው መድኃኒትና ገንዘብ የሚመዘገብበት ኮምፒውተር በግዴለሽነት ሲከፈት ማየት ያናድደኛል።

ጉድለቶችም አሉት። የሚሰጠው የፈቃድ ዓይነት ሦስት ብቻ ነው፦ ሙሉ፣ መቀየር፣ እንዲሁም ማንበብና ማስኬድ። ይህ መስመር ፈቃድ ይጨምራል፤ የነበረውን አይቀንስም። የበጀት ፋይልን ከገንዘብ ተቀባዮች መሰወር የፈለገ ሌላ መንገድ ይፈልግ። የጥገና ባለሙያ የበረገደውን በርም በዚህ መስመር መዝጋት አይቻልም፤ እኛ በእጃችን ነው የምንዘጋው። ፋት 32 በሚባለው የቆየ የፋይል አደረጃጀት በተዘጋጀ ዲስክ ላይ ደግሞ የፈቃድ ሥርዓት ስለሌለ መስመሩ ምንም ለውጥ አያመጣም።

አንድ ወጥመድ ከዊንዶውስ ይመጣል። ገንዘብ ተቀባዩ ጫኚውን ከፍቶ ሥራ አስኪያጁ የአድሚኒስትሬተር የይለፍ ቃሉን ሲያስገባለት፣ ጫኚው «የተጠቃሚው የግል ፎልደር» ብሎ የሚያገኘው የሥራ አስኪያጁን ነው። ቅንብሩ እዚያ ይቀመጥና ገንዘብ ተቀባዩ ባዶ ገጽ ያያል። እንዲህ ያለ ነገር ስክሪፕቱ ውስጥ ሲኖር ኢኖ ሴትአፕ ጫኚውን ሲያዘጋጅ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን ማጥፋት ይቻላል፣ ግን አታጥፉት።

ብዙ ኮምፒውተር ላለው መሥሪያ ቤት ግን አልመክረውም። በዶሜይን ሥር (ከአንድ ማዕከል በሚተዳደር መረብ ውስጥ) ላሉ ኮምፒውተሮች በግሩፕ ፖሊሲ፣ ማለትም ከማዕከሉ በሚተላለፍ የዊንዶውስ ትእዛዝ፣ ፕሮግራም ለመጫን የሚጠየቀው ኤምኤስአይ የተባለው የመጫኛ ፋይል ዓይነት ነው፤ ኢኖ ሴትአፕ የሚያወጣው ኤክስኢ የተባለውን፣ በቀጥታ የሚከፈተውን ዓይነት ነው። ለእንዲህ ያለው ደንበኛ ኤምኤስአይ የሚያወጣውን፣ ዊክስ የሚባለውን መሣሪያ እንጠቀማለን፤ ፈቃዱን ለመጻፍ ረዘም ያለ ሥራ አለው። ለፋርማሲውና ለመደብሩ በኢኖ ሴትአፕ እንቀጥላለን፤ በቅርቡ ለአስመጪዎች የሠራነውንም ፕሮግራም ወደ እሱ እናዞራለን።